በጎንደር ሲልኪ ዶሮን ስለ ማርባት፣ ለማሳያ ስለ ማቅረብና ቀለሙን ስለ መዳኘት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲልኪ ዶሮዎችን በግቢዬ ማርባት ከጀመርኩ ወዲህ ከጎረቤቶቼ፣ ከቅዳሜ ገበያ ነጋዴዎችና ከአዘዞ እስከ ማክሰኚት ካሉ አርቢዎች የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች እጅግ ተመሳሳይ ሆነው ስላገኘኋቸው መልሶቹን እዚህ አሰባስቤአለሁ። አብዛኛው ጠያቂ የሚጀምረው ከቀለም ነው። እኔ ግን ቀለምን ከሌሎቹ ጉዳዮች በኋላ አስቀምጬዋለሁ፤ ሲልኪነቱ ያልተረጋገጠ ዶሮ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር በዚህ ዝርያ ሊዳኝ አይችልምና።

ሲልኪ ከሐበሻ ዶሮ በምን ይለያል?

ከሩቅ ሲታይ ባዘቶ የተከመረበት ይመስላል። የሌላ ዶሮ ላባ ከግንዱ ግራና ቀኝ የሚወጡት ክሮች እርስ በርሳቸው የሚያያዙባቸው፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን መንጠቆዎች አሉት፤ ላባው እንደ ሉህ ተዘርግቶ የሚቆመውና ውኃ የሚያንሸራትተው በእነዚህ መንጠቆዎች ነው። በሲልኪ አብዛኛው ላባ ላይ እነዚህ መንጠቆዎች ስለሌሉ ክሮቹ ተበታትነው እንደ ሐር ይለሰልሳሉ። ዶሮው መብረር የማይችለውና ዝናብ የማይቋቋመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከላባው በተጨማሪ ቆዳው፣ አጥንቱና ሥጋው ጠቆር ያለ ነው። የእኛ ዶሮ አራት ጣት ሲኖረው ሲልኪ በእያንዳንዱ እግሩ አምስት ጣት አለው፤ አምስተኛው ከኋለኛው ጣት በላይ ተለይቶ ወደ ላይ ይታጠፋል። አናቱ ላይ ጉትያ አለው፤ ከጉትያው ፊት ያለው ሥጋዊ አክሊል ጥርሳማ ሳይሆን እንደ ለውዝ ፍሬ የተጨማደደ፣ ቀለሙም ጠቆር ያለ የእንጆሪ ዓይነት ነው። የጆሮው ሥጋ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ ሲሆን እግሩ እስከ ውጭኛው ጣት ድረስ ላባ ይለብሳል። ጺም ያለውና ጺም የሌለው ተብሎም በሁለት ይከፈላል።

ዝርያው ከምሥራቅ እስያ፣ በተለይም ከቻይና እንደ ተገኘ ይታመናል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደዚያ የተጓዘው ማርኮ ፖሎ እንደ ድመት ጠጉር ያላቸው ጥቁር ዶሮዎች እንዳሉ ጽፏል። የአሜሪካ የዶሮ እርባታ ማኅበርም ዝርያውን እ.ኤ.አ. በ1874 በመስፈርቱ ውስጥ አካትቶታል።

መጠኑ ምን ያህል መሆን አለበት?

መልሱ በምንከተለው መስፈርት ይወሰናል። በአሜሪካው መስፈርት ሲልኪ ከድንክ ዶሮዎች ጋር ስለሚመደብ አውራው 1 ኪሎ ግራም፣ ሴቷ ደግሞ 0.9 ኪሎ ግራም ያህል እንድትመዝን ይጠበቃል። በእንግሊዙ መስፈርት ግን ከትላልቆቹ ወገን ሆኖ አውራው 1.8፣ ሴቷ 1.36 ኪሎ ግራም ያህል ናቸው። ዶሮዎችን ጎን ለጎን አቁሞ ከማወዳደር በፊት ዳኛውና አርቢዎቹ በየትኛው መስፈርት እንደሚሄዱ መስማማት ይኖርባቸዋል፤ ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ትንሹ ዶሮ «የቀጨጨ»፣ ትልቁ «የተዳቀለ» ሲባል መስማት የተለመደ ነው።

የጎንደር አየር ይስማማዋል?

ብርዱ ብቻውን አይጎዳውም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች እንደ መሆኗ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ይሁን እንጂ ደረቅ የሆነና ነፋስ የማይመታው ሲልኪ ይህን ብርድ ያለ ችግር ያሳልፋል። የሚጎዳው እርጥበት ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ፣ አንዴ የራሰ ላባ ቶሎ ስለማይደርቅ ዶሮው በአንድ ሌሊት ቀዝቅዞ ሊሞት ይችላል። እኔም በአንድ የነሐሴ ሌሊት ከቆርቆሮው ሚስማር ቀዳዳ በገባ ጠብታ ምክንያት ከአንዲት እናት ሥር ሦስት ጫጩቶች አጥቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሰኔ ሳይገባ በየዓመቱ ጣሪያውን ከውስጥ ሆኜ በብርሃን እፈትሻለሁ። በር ዘግቶ ወደ ውጭ በሚያሳየው ቀዳዳ ሁሉ ላይ ምልክት ማድረግ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

ቤቱ እንዴት ይሠራ?

ሲልኪ ወደ ላይ ስለማይበር ከፍ ያለ ቆጥ አይጠቅመውም። ከመሬት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ሰፊ ጣውላ ወይም ወፍራም ደረቅ ጉዝጓዝ ይበቃዋል። ለጉዝጓዝ ሰጋቱራን ከጤፍ ጭድ አስበልጣለሁ፤ ጭዱ ሲረጥብ በእግሩ ላባ ላይ ተጣብቆ ይጋገራልና። የእግር ላባ ለማሳያ የሚቀርብ ዶሮ የሚመዘንበት አካል ስለሆነ በእበትና በጭቃ የተበላሸ እግር የወራት ድካምን ከንቱ ያደርጋል።

ጉትያው ዓይኑን ስለሚጋርደው ሲልኪ ከላይ የሚመጣውን ጭልፊት አያይም፤ ሸለምጥማጥ ሲገባም ሸሽቶ አያመልጥም። ስለዚህ የሚውልበት ስፍራ ከላይም ከጎንም በሽቦ ወንፊት የተሸፈነ፣ ማታም በሩ የሚቆለፍ ሊሆን ይገባል። በተጨማሪም ከሐበሻ ዶሮ ጋር አንድ ላይ ማዋል አይመከርም፤ የማያይ ዶሮ ከኋላ ሲነከስ መከላከል ስለማይችል ጉትያው ተነጭቶ ያልቃል፣ ከምግቡም ይገፋል። የውኃ መጠጫውም ጠባብ አፍ ያለው መሆን አለበት፤ በሰፊ ሳፋ የሚጠጣ ሲልኪ ጺሙንና ጉትያውን ነክሮ ይወጣልና።

ምን ልመግበው?

በአካባቢያችን በቀላሉ ከሚገኘው በቆሎ፣ ማሽላ፣ የስንዴ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ጥሩ መኖ ማዘጋጀት ይቻላል። ፋጉሎው ገንቢ ምግብ ስለሚሰጥ በተለይ ላባ በሚቀይርበት ጊዜ መጠኑን ከፍ ማድረግ ይገባል፤ ላባ በአብዛኛው ከገንቢ ንጥረ ነገር የሚሠራ በመሆኑ በጥራጥሬ ብቻ የሚኖር ዶሮ የሳሳ ጉትያና የተሰባበረ ላባ ያወጣል። ለጫጩቶች ከ18 እስከ 20 በመቶ፣ ለምትጥል ዶሮ 16 በመቶ ያህል ገንቢ ንጥረ ነገር ያለው መኖ ተስማሚ ነው። እንቁላል ለምትጥለዋ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም በደንብ የታጠበና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ለብቻው ይቀመጥላት።

ነጭ ሲልኪ የሚያረቡ ሰዎች አንድ ጥንቃቄ አይርሱ። ቢጫ በቆሎ ውስጥ ያለው ቀለም በነጭ ላባ ላይ ቢጫማ ጥላ ሊያሳርፍ ስለሚችል ላባ በሚያወጣበት ወቅት ነጭ ማሽላን ወይም ስንዴን መምረጥ ይሻላል።

የትኞቹ በሽታዎች ያሰጉታል?

ፈንግል ከሁሉ በፊት ይመጣል፤ አንድ መንደር ከገባ የሐበሻውንም የውጭውንም ዶሮ አይለይም። ክትባቱ በቢሾፍቱ የሚመረት ሲሆን ኤች.ቢ.1 የተባለው ዓይነት ለጫጩቶች፣ ላሶታ የተባለው ደግሞ ቆይቶ ይሰጣል፤ መርሐ ግብሩን ከእንስሳት ሐኪም ጋር መነጋገር ተገቢ ነው። ክትባቱ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በፀሐይ ከዋለ ኃይሉን ስለሚያጣ ከመድኃኒት ቤት ሲወጣ በበረዶ መያዝ አለበት።

ማሬክ የተባለው በሽታ ሲልኪን አጥብቆ ያጠቃል። ብዙ ጊዜ ጥቂት ወራት የሞላቸውን ወጣት ዶሮዎች ይዞ አንዱን እግር ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግተው እንዲወድቁ ያደርጋል፤ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱም የሚጠቅመው ጫጩቱ በተፈለፈለ በመጀመሪያው ቀን ሲሰጥ ነው።

ከዚህ ሌላ ቅማልና የእግር እከክ በብዛት ይታያሉ። ቅማሉ በለሰለሰው ላባ ውስጥ ስለሚደበቅ በየሳምንቱ ላባውን ገልጦ በፊንጢጣው ዙሪያና በጉትያው ሥር መመልከት ያስፈልጋል፤ ዶሮው ራሱን የሚያሽበት ደረቅ አፈርና አመድም አይጉደልበት። ለእግር እከክ ቫዝሊን በቅርፊቱ ላይ ደጋግሞ መቀባት ተባዩን አፍኖ ይገድለዋል። ብዙ ሲልኪዎች የራስ ቅላቸው በጉትያው ሥር አብጦ አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ስለማይገጥም፣ አናት ላይ የሚደርስ ምት አንገታቸው እንዲጣመም ሊያደርግ ይችላል፤ ልጆች ሲይዟቸው ይህ ሊነገራቸው ይገባል።

እንቁላሏ እንዴት ነው? ትታቀፋለች?

በዓመት ከ100 እስከ 120 የሚደርሱ ነጣ ያሉ ትናንሽ እንቁላሎችን ትጥላለች። ለእንቁላል ንግድ የምትመረጥ አይደለችም። መታቀፍን በተመለከተ ግን ከእሷ የምትልቅ ዶሮ አላየሁም፤ ጥቂት እንቁላል ጥላ ትታቀፋለች፣ የሌላ ዶሮ ቢሆን የዳክዬም እንቁላል ቢሰጣት እንደ ራሷ አድርጋ ትፈለፍላለች። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ይፈጃል። በእሷ ሥር ከ6 እስከ 8 እንቁላል ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሰውነቷ ከላባው አንጻር ትንሽ ነውና።

መታቀፍ እንድትተው እግሯን አስሮ ቁልቁል መስቀል በአንዳንድ ቤት የቆየ ልማድ ነው። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ከሥሩ ነፋስ በሚገባበት የሽቦ ወለል ባለው ሣጥን ውስጥ ምግብና ውኃ ሰጥቶ ለጥቂት ቀናት ማቆየት ያለ ጉዳት ያስተዋታል።

ሥጋው ጥቁር መሆኑ በሽታ ነው? ይበላል?

በሽታ አይደለም፤ ይበላል። ጥቁረቱ የሚመጣው ቀለም ሰጪ ሕዋሳት ከቆዳ አልፈው ሥጋንና አጥንትን በሚሸፍኑ ስስ ሽፋኖች ውስጥ ስለሚሰራጩ ነው። በቻይና ለሾርባ ይፈለጋል። ለ12 ብልት ዶሮ ወጥ ግን ሥጋው ጥቂት ስለሆነ፣ ቀለሙም ከበርበሬው ሥር ሲታይ እንግዳውን ስለሚያስደነግጥ፣ ለበዓል የሐበሻውን አውራ ዶሮ ማረድ የተሻለ ይመስለኛል።

ተቀባይነት ያላቸው ቀለሞች የትኞቹ ናቸው?

በሰፊው የታወቁት ነጭ፣ ጥቁር፣ ብሉ፣ ስፕላሽ፣ ወርቃማ፣ ፓርትሪጅና ግራጫ ናቸው። ላቬንደር (ፈዛዛ ዳለቻ)፣ ፔይንት (በነጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ) እና ኩኩ (ጥቁርና ነጣ ያለ መስመር የተጋደመበት) የሚባሉትም በአርቢዎች እጅ አሉ፤ ነገር ግን ሁሉም መስፈርት ስለማይቀበላቸው ለማሳያ ከማቅረብ በፊት አዘጋጆቹን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ነጩ እንደ በረዶ የጠራ፣ ከሥሩም ከጫፉም ነጭ ሊሆን ይገባዋል። ጥቁሩ ከሥር እስከ ጫፍ ጥቁር ነው፤ የሌላ ጥቁር ዶሮ ያህል አረንጓዴ አብረቅራቂነት ግን ከሲልኪ ላባ አይጠበቅም፣ ብርሃን የሚያንጸባርቀው የተያያዘ ገጽ የለውምና። ብሉ ስሙ ሰማያዊ ቢሆንም በእኛ አነጋገር ዳለቻ ልንለው የሚገባ እኩል የሆነ የሰሌዳ ድንጋይ መልክ ነው። ስፕላሽ ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ነጭ ላይ ዳለቻ ነጠብጣብ የተረጨበት ነው፤ ነጠብጣቡ ወጥ ሥርዓት የለውም፣ ሊኖረውም አይጠበቅም። ወርቃማው ከአንገት እስከ ጭራ አንድ ዓይነት ወርቅማ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው በጭራው ላይ በሚታይ ጥቁር ነው።

በፓርትሪጅ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ ቀለም በሌሎች ዝርያዎች ሴት ዶሮዎች ላይ እያንዳንዱን ላባ የሚከብ ደቃቅ የመስመር ጥለት አለው፤ ጥለት ሊታይ የሚችለው ግን የላባው ክሮች ተያይዘው ገጽ ሲሠሩ ነው። ልክ ጥበቡ በተፈተለው ክር ላይ ቢኖርም ሸማው ሳይሸመን ጥለቱ እንደማይነበብ ሁሉ፣ በሲልኪ ላይም መስመሩ ተበታትኖ እንደ ጥላ ይታያል። ስለዚህ የፓርትሪጅ ሲልኪ ሴትን የሚመለከት ዳኛ ጥርት ያለ መስመር ፈልጎ ሲያጣ ነጥብ መቀነስ የለበትም፤ መንጠቆ ባልጠፋባቸው የክንፍ ትላልቅ ላባዎች ላይ ግን ቀለሙን በሚገባ ሊያነብ ይችላል። የፓርትሪጅ ጫጩት ጀርባዋ ላይ እንደ ብዙ የሐበሻ ጫጩቶች ቡናማ ሰንበር ስላለባት ከመጀመሪያው ቀን ትለያለች። ግራጫው ደግሞ የዚሁ ቀለም ወርቃማው መደብ በብርማ የተተካበት ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል።

ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዛጎልማና ቆቅማ የምንላቸው ቀለሞች ከእነዚህ ጋር አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ግን ትክክለኛውን ነገር እያሰበ ነው። የእኛ ቋንቋ ለዶሮ ቀለም የበለጸገ ነው፤ የበዓል ሰሞን ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ሰው ዶሮውን ሳያይ በስሙ ብቻ ሊገዛው ይችላል። ነገር ግን እነዚህ ስሞች የሚገልጹት ከውጭ የሚታየውን መልክ ነው፣ ትርጉማቸውም እንደየአካባቢው ይለያያል። የሲልኪ ቀለም ስም ግን ከመልኩ በተጨማሪ ዶሮው ከመሰሉ ጋር ሲራባ ምን እንደሚወልድ የሚናገር ነው።

ለማስረዳት ያህል፣ ነጭና ጥቁር እንደ ገብስ የተደባለቀበትን ገብስማ እንላለን፤ በሲልኪ ይህን ሊመስል የሚችል ዶሮ ኩኩ፣ ግራጫ ወይም በቀላሉ የተበላሸ ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም በዘር የተለያዩ ናቸው። በነጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ፔይንት ዛጎልማ ብሎ የሚጠራ አለ፤ ቆቅማ የሚለው ስምም ቆቅን ስለሚያስታውስ ለፓርትሪጅ የቀረበ ይመስላል። በግቢ ውስጥ ስንጫወት እነዚህን ስሞች እኔም እጠቀማለሁ፤ በማሳያ መዝገብ ላይ ግን የመስፈርቱ ስም ይጻፍ።

ዳኛ ቀለምን እንዴት ሊመለከት ይገባዋል?

በቀን ብርሃን፣ በጥላ ሥር ሆኖ፣ ዶሮውን በእጁ ይዞ ሊመለከት ይገባዋል። የአምፖል ብርሃን ነጩን ቢጫ ያስመስለዋል፤ ቀጥተኛ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ጥቁሩን ቡናማ ያስመስለዋል። እኔ የምመርጠው ከጧቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ያለውን ጊዜ ነው።

ቀዳሚው ተግባር ላባውን ተቃራኒ አቅጣጫ በትንፋሽ ወይም በአውራ ጣት ገልጦ ሥሩን ማየት ነው። ባለፈው ዓመት በጣም የምተማመንበት አንድ ጥቁር ለጋ አውራ ዶሮ ነበረኝ። ግቢው ውስጥ ሲንጎራደድ እንከን አይወጣለትም ነበር። አንድ ቀን ጧት ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ የአንገቱን ላባ ሽፋን በሽፋን ስገልጥ፣ ከማጅራቱ ዝቅ ብሎ፣ ከውጭ ፈጽሞ በማይታይበት ስፍራ፣ ከስፌት ክር የቀጠኑ ቀያይ መስመሮች በአምስት ወይም በስድስት ላባዎች ላይ አገኘሁ። ቀዩ በዘሩ ውስጥ ተደብቆ ስለነበር እያደገ ሲሄድ እየሰፋ መጣ፤ በስምንተኛ ወሩ ከሩቅ ይታይ ነበር። ለዚህ ነው ለእርባታ የሚመረጥ ጥቁር ወይም ብሉ አውራ አንገቱና ጀርባው ሳይፈተሽ መቀመጥ የሌለበት።

ዳኛው ከዘር የመጣን ጉድለት ከአያያዝ ከመጣው ለይቶ ቢያይ ፍትሐዊ ይሆናል። ፀሐይ ያጠወለገው ጥቁር ጫፉ ብቻ ቡናማ ይሆናል፣ ሥሩ ግን ጥቁር ነው፤ በዘሩ ወርቅማ ቀለም ያለበት ግን ከሥሩ ጀምሮ ይታወቃል። እንዲሁም በፀሐይ ቢጫ የሆነ ነጭ ከክንፉ ሥር ያለው ላባ ንጹሕ ነጭ ነው። ከዘርም ሆነ ከፀሐይ የመጣው ጉድለት በማሳያ ላይ ነጥብ ያስቀንሳል፤ ለእርባታ ግን ፀሐይ ብቻ የለወጠው ዶሮ ምንም አይጎድለውም።

ከዚህም ጋር ቀለም የመጨረሻው መመዘኛ መሆኑን መርሳት አይገባም። ክብ ቁመና፣ አጭር ጀርባ፣ ሙሉ ጉትያ፣ የላባ ልስላሴ፣ ጥቁር ቆዳና አምስት ጣት ያለው፣ ቀለሙ ግን ትንሽ የተዛነፈ ዶሮ፣ ቀለሙ ፍጹም ሆኖ ረጅምና ቀጭን ከሆነው ሊበልጥ ይገባዋል።

ሁለት ብሉ ሳገናኝ ጥቁርና ስፕላሽ ጫጩቶች ለምን ይወጣሉ?

ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው። የመጀመሪያዎቹን ብሉ ጥንዶቼን ከገዛሁ በኋላ ከፈለፈልኳቸው ጫጩቶች መካከል የነጡና የጠቆሩ ሲወጡ ሻጩ የተዳቀለ ዘር ሸጦልኛል ብዬ ተቀይሜ ነበር፤ ጉዳዩን ከተረዳሁ በኋላ ሰውየውን ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

የብሉ ዘረ መል ጥቁርን የሚያደበዝዝ ነው። ከእናትና ከአባት አንዱ ብቻ ከሰጠው ጫጩቱ ብሉ ይሆናል፤ ሁለቱም ከሰጡት በጣም ደብዝዞ ስፕላሽ ይሆናል፤ ማንም ካልሰጠው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ብሉ ከብሉ ሲገናኙ ከ12 ጫጩት በአማካይ 3 ጥቁር፣ 6 ብሉና 3 ስፕላሽ ይጠበቃል፤ በአንድ ጎጆ ግን ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። ብሉ ከጥቁር ሲገናኙ ግማሹ ብሉ፣ ግማሹ ጥቁር ይሆናል። ብሉ ከስፕላሽ ግማሹ ብሉ፣ ግማሹ ስፕላሽ ነው። ሁሉንም ብሉ ለማግኘት የሚፈልግ ሰው ጥቁርን ከስፕላሽ ያገናኝ።

ላቬንደር ከብሉ ጋር ቢመሳሰልም የተለየ ዘር ነው፤ ላቬንደር ከላቬንደር ሲገናኝ ሁልጊዜ ላቬንደር ይወልዳል። የሲልኪ ነጭ ደግሞ በአብዛኛው ሌላውን ቀለም የሚሸፍን ስውር ነጭ በመሆኑ፣ ነጭን ከጥቁር ጋር የሚያገናኝ ሰው ነጩ ከሥሩ ምን ደብቆ እንደ ነበር የሚያውቀው ከጫጩቶቹ ነው። በዚህ ምክንያት ነጮቼን ከሌላ ቀለም ጋር ፈጽሞ አላገናኝም።

ከሐበሻ ዶሮ ጋር ባዳቅለው ምን ይሆናል?

የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ እንደ ማንኛውም ዶሮ ቀጥ ያለ ላባ ይኖረዋል፤ የሐር ላባ የሚወጣው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ነውና። አምስተኛው ጣት ግን ከአንድ ወገን ብቻ ቢወረስም ስለሚወጣ በብዙዎቹ ላይ ይታያል። ሁለቱ ክልሶች እርስ በርስ ቢገናኙ ከአራቱ አንዱ ያህል የሐር ላባ ይኖረዋል፤ ክልሱ ከንጹሕ ሲልኪ ጋር ቢገናኝ ደግሞ ግማሹ።

የቆዳው ጥቁረት ነገር ከዚህ የበለጠ ይደንቃል። እንግሊዛውያኑ ዊሊያም ቤትሰንና ሬጂናልድ ፐኔት እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት ጥቁረቱን የሚገታ ከጾታ ጋር የተያያዘ ዘረ መል አለ። የሲልኪ አውራ ቆዳዋ ከነጣ ሴት ጋር ሲገናኝ ሴቶቹ ጫጩቶች ጠቆር ያለ፣ ወንዶቹ ነጣ ያለ ቆዳ ይኖራቸዋል፤ በተቃራኒው ሲሆን ግን ሁሉም ነጣ ይላሉ። ክልሶቹ ለቤት ጥሩ ታቃፊዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ሲልኪ ተብለው ሊሸጡ አይገባም።

ለማሳያ እንዴት ላዘጋጀው?

ከዕለቱ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ በትንሽ የሽቦ ቤት ውስጥ በቀን ለተወሰነ ሰዓት ማለማመድ ይጀመራል፤ እጅ ያልለመደ ዶሮ ዳኛው ፊት ተኮራምቶ ቁመናውን ያጣል። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በፊት ይታጠባል። ሦስት ሳፋ ለብ ያለ ውኃ ይዘጋጃል፤ በመጀመሪያው የሕፃናት ሻምፖ፣ በሁለተኛው ማለቅለቂያ፣ በሦስተኛው ጥቂት ኮምጣጤ ይገባል። ጭንቅላቱን ከውኃ በላይ በአንድ እጅ ደግፎ በሌላው ከአንገት ወደ ጭራ ማሸት እንጂ እንደ ልብስ መፈተግ አይገባም። ለብ ያለው ውኃ ሲነካው ብዙ ዶሮ ዓይኑን ጨፍኖ ጸጥ ይላል።

በፎጣ ተጠቅልሎ ውኃው ከወጣ በኋላ በጸጉር ማድረቂያ፣ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከላባው ተቃራኒ አቅጣጫ እየነፉ እስከ ሥሩ ማድረቅ የግድ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ሙቅ ክፍል ሳይዘጋጅ ማጠብ አይጀመር። ጥፍሩና የመንቆሩ ጫፍ ከልክ በላይ ከረዘሙ ይሞረዳሉ።

ምን ካለበት ከውድድር ውጭ ይሆናል?

ላባው የሐር ካልሆነ፣ እግሩ ላባ ካልለበሰ፣ አክሊሉና ፊቱ ደማቅ ቀይ ከሆነ ወይም አምስት ጣት ከሌለው ከውድድር ይወጣል። በክንፍ፣ በጭራና በእግር ዋና ላባዎች ላይ የሚታይ ጥንካሬ ግን አይቆጠርበትም። ቀለም መቀባት፣ የማይፈለግ ቀለም ያለውን ላባ መንቀልና የመሳሰለው ማታለል ነው፤ የተነቀለ ላባ ክፍተት በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል።

ሴትና ወንዱን መቼ መለየት ይቻላል?

ከሌላ ዝርያ ዘግይቶ፣ ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው። የወንዱ ጉትያ ወደ ኋላ የሚሳቡ ረጃጅም ክሮች ያወጣል፣ አክሊሉም ይሰፋል፤ የቄቧ ጉትያ ክብ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በፊት «ሴት ናት» ተብሎ በዋስትና የሚሸጥ ጫጩት ካጋጠመዎት ዋጋውን በዚያ ቃል ላይ አይመሥርቱ።

ከማሳያ ሲመለስ ወዲያው ከመንጋው ልቀላቅለው?

አይቀላቅሉት። ለ30 ቀን ለብቻው፣ የተለየ የምግብና የውኃ ዕቃ ተሰጥቶት ይቆይ፤ የሚንከባከበው ሰውም መጀመሪያ መንጋውን፣ ከዚያ በኋላ እሱን ያብላ። ወደ እሱ ቤት የሚገባበት ጫማ እዚያው በር ላይ ይቀመጥ።